ከነተከራይዋ የሚሸጥ ቤት

ማስታወቂያው «ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠራ ሕንፃ፤ ባለ አንድ መኝታ፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፤ ወለሉ ጥርብ እንጨት፤ ፀሐይ እንደ ልብ» ይላል። ማስታወቂያውን ያስነገረችው ደላላ ጆስሊን ታክ ዛሬ እዚያው ጥርብ እንጨት ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች። ከጆሮዋ ኋላ የፈሰሰው ደም ረግቷል፤ አንደኛው ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ ሶፋው ሥር ገብቷል።

መርማሪ ሚግዳሊያ ኮርሲኖ ደጃፉ ላይ ስትደርስ መጀመሪያ የተቀበላት ግን ሬሳው ሳይሆን ሙቀቱ ነበር። ውጭ ብሮንክስ በጥር ውርጭ ድርቅ ብሏል። እዚህ ውስጥ ካፖርቷን ሳታወልቅ ላብ በላብ ሆነች።

«መስኮቱን ማን ነው የዘጋው?» አለች።

«ሬሳ ፊትሽ ተጋድሞ የምትጠይቂው ስለ መስኮት ነው?» አለ ባልደረባዋ ኢሳያ ግሪር።

«በእንደዚህ ያለ ሕንፃ በክረምት መስኮት የሚዘጋ ሰው የለማ።»

ግሪር ያደገው ሎንግ አይላንድ ነው፤ ግድግዳ ላይ ያለች ቁልፍ ነካ ሲያደርጉ ሙቀቱ እሺ ጌታዬ ብሎ በሚታዘዝበት ቤት። ሚግዳሊያ ደግሞ ከዚህ ጥቂት መንገድ ወረድ ብሎ፣ የዚህ ሕንፃ መንትያ በሆነ ሕንፃ ውስጥ ነው የተወለደችው። ምድር ቤት ያለው ትልቅ ማሞቂያ እንፋሎቱን ሲለቀው ከልካይ የለውም። ስለዚህ ሰው መስኮቱን ከፈት አድርጎ ይኖራል። የሞኝ ሥራ ይመስላል፤ ግን ሕንፃውን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው እንደዚያ ብለው ነው የሠሩት።

መስኮቱ ሥር ቡፌ የሚመስል ረጅም የእንጨት ሣጥን አለ፤ ክዳኑ እምነ በረድ ነው። የእምነ በረዱ ጠርዝ ላይ ፀጉርና ደም ተለጥፏል። ከሣጥኑ ሥር ውሃ እየሾለከ ወለሉን አርሷል።

«ይኼ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?» ግሪር ሣጥኑን ዙሪያውን ቢያይ ቢነካካ ምንም አላገኘም።

ሚግዳሊያ ጥግ ላይ የቆመውን የልብስ ስፌት መኪና ወደ ጎን ገፋችና ተንበረከከች። ከኋላው፣ በሣጥኑ ጎን ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ፣ እጅ ብቻ የምታስገባ በር አለች። ከፈተቻት። ሣጥኑ የሸፈነው የማሞቂያ ቫልቭ፣ የእንፋሎቱ መክፈቻና መዝጊያ፣ እዚያ ነበር። የእንጨት እጀታው ከተሰበረ ቆይቷል፤ የቀረው እርቃኑን የቆመ ብረት ነው። እሱም ግማሽ ድረስ ተዘግቷል።

«እናቴ ብታይ ኖሮ በጥፊ ነበር የምታጮለው» አለች። «ይኼ ነገር ወይ እስከ መጨረሻው ትከፍተዋለህ፣ ወይ እስከ መጨረሻው ትዘጋዋለህ። እንፋሎቱ ሲወጣም ውሃ ሆኖ ሲመለስም ያው አንድ ቧንቧ ነው። ግማሽ ላይ ካቆምከው ውሃው መውጫ ያጣና ቧንቧውን ይደበድባል፣ ከዚያ ይተፋል። እዚህ የሚኖር ሰው ሕፃንም ቢሆን ይህን ያውቃል።»

የምርመራው ቴክኒሻን መጥቶ ከብረቱ ላይ የሆነች ነገር በመቆንጠጫ ላጥ አድርጎ ብልቃጥ ውስጥ ከተተ።

ኮሪደሩ ላይ ሚስ ኦቲሊ ብራትዌይት የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ቆመዋል። ሬሳውን ያገኙት እሳቸው ናቸው። የባርቤዶስ ሰው ናቸው፤ ሰባዎቹን ሊጨርሱ ነው። የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ ምድር ባቡር ጣቢያ፣ መስታወት ኋላ ተቀምጠው ትኬት ሲሸጡ ኖረዋል። የከተማውን ስድብ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ሰምተው ከነምላሹ የመለሱ ሴት ናቸው ይባላል።

«ሚስ ኦቲሊ፣ ቤቱን ማሸግ ሊኖርብን ነው። የሚያድሩበት አለዎት?»

«አለኝ።»

«የት?»

በጃንጥላቸው ጫፍ የኮሪደሩን ወለል ነካ አደረጉ። «እዚህ።»

«ኮሪደር ላይማ አይታደርም።»

«ስሚኝ ልጄ። ያ ሰውዬ ምን ብሎ እንደከሰሰኝ ታውቂያለሽ? እዚህ ቤት አትኖርም ብሎ ነው። እህቴን ላስታምም ሁለት ክረምት ባርቤዶስ ብመላለስ፣ ኑሮዋ እዚያ ነው አለ። ማክሰኞ ችሎት አለኝ። ዛሬ ሌላ ቤት ባድር እዚያ ቀርቦ ‹ይኸው፣ ማደሪያ አላት› ይላል። በሬን አሽጉት፤ ሥራችሁ ነው። እኔ ከበሬ አልነቃነቅም። ይልቅ ወንበር አምጡልኝ።»

«ያ ሰውዬ» የሚሉት የቤቱን ባለቤት ዋረን ፔልን ነው። ቤቱን ከሌሎች ቤቶች ጋር በጅምላ ሲገዛ ሚስ ኦቲሊ ውስጡ ነበሩ። ሕጉ ኪራያቸው እንዳይጨመር፣ እሳቸውም እንዳይባረሩ ይጠብቃቸዋል፤ ሊያስወጣቸው የሚችለው በእርግጥ እዚያ እንደማይኖሩ ካስመሰከረ ብቻ ነው። እሳቸው ካሉበት ቤቱን የሚገዛ የለም፣ ከወጡ ግን ገዢው ተሰልፏል። ደላላዋ ጆስሊን በየእሑዱ ገዢ እያመጣች ስታስጎበኝ፣ ሚስ ኦቲሊ በር ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን «እንኳን ደህና መጣህ፣ እኔም የቤቱ ዕቃ ነኝ» ይሉት ነበር። ማክሰኞ ፔል ምስክር አድርጎ የቆጠረው ጆስሊንን ነው።

«ሟችን ባለፈው እሑድ ምን ብለዋታል?» አለ ግሪር። «ገዢዎች ሰምተዋል።»

«ከዚህ ቤት ሬሳ ከወጣ የእኔ ሳይሆን የአንቺ ነው አልኳት።» ሚስ ኦቲሊ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ብያለሁ። ያልኩትን ፖሊስ ፈርቼ አልውጠውም።»

ግሪር ሚግዳሊያን በዓይኑ ጠቀሳት። እሷ ዞር ብላ ወንበር ልትፈልግ ሄደች።

በማግስቱ ሰኞ ማለዳ አለቃቸው ደወለ። «ቁልፍ አላት። ዝታለች። የፔል ምስክር ሞታ የምትጠቀመው እሷ ናት። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«መስኮቱን የዘጋውን ሰው።»

«ሚግዳሊያ፣ ዛሬ ማታ አሮጊቷ እዚህ እንድትሆን።»

ዛሬ ማታ ከታሰሩ ነገ ችሎት አይቀርቡም። ካልቀረቡ ቤቱ ሄደ። ሚግዳሊያ ስልኩን ዘጋችና ከሚስ ኦቲሊ ሥር ያለውን ቤት አንኳኳች።

በሩን የከፈቱላት ሽማግሌው ሚስተር ናዛሪዮ ናቸው። እሷን ሲያዩ በስፓኒሽ ሰላም ብለው የአገራቸው ልጅ መርማሪ በመሆኗ ኮሩ፤ ወዲያው ደግሞ ከስታለች ብለው ተቆጧት።

«ትናንት የሰሙት ነገር አለ?»

«አለ ወይ? ጆሮዬ ሊፈርስ! ኳሱ ሊጀመር ሲል፣ መዶሻ የያዘ ሰይጣን ቧንቧው ውስጥ የገባ ነው የመሰለኝ። ጓ! ጓ! ጓ! አዲስ ሰው ገብቷል ማለት ነው አልኩ።»

«አዲስ ሰው?»

«ቫልቭ በግማሽ የሚዘጋ አዲስ ሰው ነዋ። ሚስ ኦቲሊ ከእኔ በፊት የነበሩ ናቸው፤ ያንን ነገር ነክተውት አያውቁም። ቤስኒክን ልጠራ ምድር ቤት ወረድኩ። የለም።»

ቤስኒክ ሕንፃውን የሚጠብቀውና የሚጠግነው አልባኒያዊ ነው። ለግሪር ቀኑን ሙሉ ከምድር ቤት አልወጣሁም ብሎ ነበር። የሁሉም ቤት ቁልፍ በእጁ ነው። ግሪር ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ ሁለቱም ደረጃውን ሮጠው ወረዱ።

«ቤስኒክ፣ ትናንት የት ነበርክ?»

«እዚህ።»

«ሚስተር ናዛሪዮ የለም ብለዋል።»

«ናዛሪዮ መነጽር አያደርጉም።»

«ቤስኒክ፣ ሰው ሞቷል» አለች ሚግዳሊያ። «ለሚስ ኦቲሊ ወንበሩን የሰጠኸው አንተ ነህ። ዛሬ ማታ ሊታሰሩ ነው።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ የሱሪውን እግር አሳያት፤ ነጭ ቀለም ተረጫጭቶበታል። መንገዱን ተሻግሮ ካለው ሕንፃ የሰው ቤት ሲቀባ ውሏል። ቀጣሪው የሕንፃው ማኅበር ቢሰማ ከሥራ ያባርረዋል። «አራት ልጅ አለኝ» አለ። ያስቀባችው ሴትዮ ተጠየቀች፤ ምሳ አብልቼዋለሁ፣ ደጁን አልረገጠም አለች። ግሪር ማስታወሻውን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ቀረች አሮጊቷ» አለ።

«አሮጊቷ ቫልቭ በግማሽ አይዘጉም።»

«ይህንን ለአለቃ ንገሪው። ይስቅብሻል።»

ዋረን ፔል ቢሮው ውስጥ ተነሥቶ ተቀበላቸው፤ ሚግዳሊያን በግራ እጁ ጨበጣት። ሐዘኑን ገለጸ። ልጅቷ ትጉ ነበረች አለ።

«ትናንት የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ኳስ ሳይ።»

«አፓርታማውን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«አይቼው አላውቅም። እውነቴን ነው። አሮጊቷ አንድ ቀን እንኳ በሩን ከፍታልኝ አታውቅም። ቁልፉንም ለጆስሊን ነው የሰጠሁት። እኔ ቤቱን የማውቀው በፎቶ ብቻ ነው።»

«ላም አለኝ በሰማይ ነዋ» አለች ሚግዳሊያ።

ፔል ሳቀ። «ነገ ወደ መሬት ትወርዳለች። ለመሆኑ አሮጊቷን የምትይዟት መቼ ነው?»

ሊፍቱ ውስጥ ግሪር «እንዴት ያለ አሳቢ ሰው ነው» አለ።  እነሱ ሳያነሡ ስለ አሮጊቷ መያዝ እሱ ራሱ ማንሣቱን ሚግዳሊያ ልብ ብላለች።

ከዚያ ወደ ሚስ ኦቲሊ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እዚያ ነገሩ ከፋ። ሚስ ኦቲሊ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ለመዘምራን ልምምድ ቆይተው ነበር። በር ላይ የምታስተናግደዋ ሴት መጀመሪያ አመነታች፤ ኋላ ግን ተናገረች።

«አንዲት ወጣት ሴት መጥታ ጠርታቸው ነበር። ኮትዋ ላይ የደላላ ስም የተጻፈበት ነገር አድርጋለች። ሚስ ኦቲሊን አሁኑኑ ማናገር አለብኝ አለች። ገብቼ ነገርኳቸው።»

«ወጡ?»

«መዝሙሬን ለአሞራ አላቋርጥም፣ ትጠብቅ አሉ። ልጅቷ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ስልኳ ጮኸና ሄደች።»

ግሪር ውጭ ሲወጡ «በቃ፣ ውሸት ተገኘባት» አለ። «ትናንት አላየኋትም ነው ያለችን።»

«አላየኋትም አሉ እንጂ አልመጣችም አላሉም። ይልቅ ይኼን ንገረኝ። ነገ ልትመሰክርባቸው የተዘጋጀች ሴት፣ ትናንት ለምን ቤተ ክርስቲያን ድረስ መጥታ ፈለገቻቸው?»

ግሪር ማስታወሻውን እንደገና ከኪሱ አወጣ።

ሚስ ኦቲሊ ከታሸገው በር አጠገብ፣ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ሌሊቱን እዚያው አድረዋል። ጎረቤት በየተራ ብርድ ልብስ፣ ሾርባ፣ ዳቦ አምጥቶ ኮሪደሩ የሠርግ ቤት መስሏል። ሚግዳሊያ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«ጆስሊን ቤተ ክርስቲያን መጥታ ነበር። ለምን አልነገሩኝም?»

አሮጊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ሰበሩ። «አፍሬ ነው» አሉ። «ልትለማመጠኝ የመጣች መስሎኝ። ፈርሚና ውጪ ልትለኝ። ልቤ ደንድኖባት ነበር። ወጥቼ ባናግራት፣ እዚያው ይዣት ብቆይ፣ ዛሬ በሕይወት ነበረች። ሌሊቱን ሁሉ ይኼ ነው ሲበላኝ ያደረው።»

«ምን ልትነግርዎት እንደመጣች ያውቃሉ?»

«አላውቅም። አንቺ ፈልጊ እንጂ። ለዚህ አይደለም የሚከፈልሽ?»

ሚግዳሊያ ተነሥታ ስልኳን አወጣች። «ሚስተር ፔል? አፓርታማው ውስጥ ውሃ ፈስሶ ወለሉ ተበላሽቷል። ባለቤቱ አይቶ ቢፈርምልን። አዎ፣ ዛሬ። አሮጊቷን? እሳቸውንም ዛሬ እንጨርሳለን።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለም? ፔል ሳይውል ሳያድር ከተፍ አለ። ሚስ ኦቲሊን በወንበራቸው አልፎ ሲገባ ሰላም እንኳ አላላቸውም። ሚግዳሊያ እሳቸውንም ወንበሩንም አስገባቻቸው። መስኮቱ በፖሊስ ቴፕ ታሽጓል። ማሞቂያው ፉጨቱን ለቆታል። ቴክኒሻኖቹ ሥራቸውን ጨርሰው ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ከፍተውት ሄደዋል፤ የስፌት መኪናዋም ቦታዋ ተመልሳለች።

ሚግዳሊያ አልቸኮለችም። የወለሉን እርጥበት አሳየችው። ከየት ጀምሮ የት እንደደረሰ አስለካችው። ወረቀቱን አጣሁት ብላ ቦርሳዋን በረበረች። ግሪር ክራባቱን ፈታ። የፔል ሸሚዝ ደረቱ ላይ ተጣበቀ።

«እባካችሁ መስኮቱን ክፈቱ» አለ።

«ማስረጃ ነው፤ አይከፈትም» አለች ሚግዳሊያ ቦርሳዋ ውስጥ እንዳቀረቀረች። «ማሞቂያው የሚዘጋበት ካለ ራስዎ ይዝጉት፤ ቤቱ የእርስዎ ነው።»

ፔል ተነፈሰ። ከዚያ ሳያመነታ ወደ ጥግ ሄደ፤ የስፌት መኪናዋን በጉልበቱ ገፋ አደረጋት፤ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀችውን በር በግራ እጁ ከፈታት። እጁን ከማስገባቱ በፊት መሐረቡን አውጥቶ ጠቀለለው። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ሚግዳሊያ ቦርሳዋን ዘጋች።

«ያቺን በር የኔ ባል ነው የሠራት» አሉ ሚስ ኦቲሊ ቀስ ብለው። «ከእሱና ከእኔ በቀር ያለችበትን የሚያውቅ የለም።»

«ግሪርም ዙሪያውን ፈልጎ አጥቷታል» አለች ሚግዳሊያ። «እርስዎ ግን አይተውት በማያውቁት ቤት ዓይንዎን ጨፍነው ደረሱባት። ብረቱ እርቃኑን መሆኑንም አወቁ። ሚስተር ፔል፣ ቀኝ እጅዎን ያሳዩኝ።»

«ምድጃ ነው ያቃጠለኝ።»

«እሺ። ከዚያ ብረት ላይ የተላጠ የሰው ቆዳ አንሥተናል። ከምድጃዎ ጋር እናስተያየዋለን።»

ፔል መሐረቡን እንደያዘ ሣጥኑ ላይ ሊቀመጥ ብሎ የእምነ በረዱን ጠርዝ አየና ተመለሰ። መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ሲጀምር የሚናገረው ለሚስ ኦቲሊ ነበር፤ የክርክራቸው ቀጣይ ይመስል።

«የእኔ ምስክር ነበረች! ቅዳሜ ደውላ ‹ሴትየዋ እዚያ ነው የሚኖሩት፤ በየሳምንቱ አይቻቸዋለሁ፤ ምዬ አልዋሽም፤ ለእሳቸውም እነግራቸዋለሁ› አለችኝ። ለአንቺ! በየእሑዱ ለምትሰድቢያት! እሑድ ደውዬ ቤቱ እንገናኝ አልኳት። ልለምናት ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልለምናት። ድምፃችን እንዳይሰማ መስኮቱን ዘጋሁ። ክፍሉ እሳት ሆነ። ይኼን ብረት ፈልጌ ስነካው እጄን ላጠኝ። ሳቀችብኝ። ‹በዚህ ቤት መስኮት አይዘጋም፤ ይህንን ሳታውቅ ነው ቤቴ የምትለው?› አለችኝ። ገፋኋት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገፋኋት።»

«ከዚያ ደግሞ ጥፋቱ በሚስ ኦቲሊ ላይ እንዲወድቅ ትተዋት ሄዱ» አለች ሚግዳሊያ።

«ለማንኛውም ዝታባት ነበር» አለ ፔል።

ግሪር ካቴናውን አወጣ። ፔል ሲወሰድ ኮሪደሩ ላይ የቆመው ጎረቤት ግራና ቀኝ ተከፍሎ አሳለፈው። ሚስተር ናዛሪዮ በስፓኒሽ የሆነ ነገር ጣሉበት፤ ሚግዳሊያ ለግሪር አልተረጎመችለትም። ስልኳ ላይ የአለቃዋ ስም ብልጭ ሲል «ሰውየውን ይዤልሃለሁ፤ አሮጊቷ ነገ ችሎት አላቸው» ብላ ዘጋችበት።

የበሩን ማሸጊያ በገዛ እጇ ላጠችው። ሚስ ኦቲሊ ሳሎናቸው መሀል ቆመው ወለሉ ላይ የቀረውን እድፍ ያያሉ። ባርኔጣቸው ትንሽ ተንጋዷል።

«ሚስ ኦቲሊ፣ ፔል ቢታሰርም ቤቱ መሸጡ አይቀርም። ሌላ ፔል ይመጣል። ሰው የሞተበት ቤት ውስጥ ብቻዎን ከሚሆኑ፣ እህትዎ ዘንድ ሄደው ትንሽ ቢያርፉስ? ከአሁን በኋላ ማንም አይፈርድብዎትም።»

አሮጊቷ ዞር አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ ድምፃቸው ግን ያው የባቡር ጣቢያው ድምፅ ነው።

«ያቺ ልጅ ‹እዚህ ነው የሚኖሩት› ብላ ነው የሞተችው» አሉ። «ሄጄ ውሸታም ላደርጋት ነው?»

ሚግዳሊያ ቦርሳዋን አነሣች። ወጣች። ከኋላዋ በሩ ተዘጋ፤ ከውስጥ ሲቆለፍም ሰማች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የፖሊስ ቴፕ የሚቀደድ ድምፅ መጣ፤ ሚስ ኦቲሊ መስኮታቸውን ከፈቱ።